ትራውት በሌለበት ሀገር፦ ከጎንደር ተነሥቶ በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ ማጥመድ

ጥያቄ፦ በጎንደር ከተማ በአስጎብኚነት እሠራለሁ። ለመስቀል በዓል የሚመጡ ባልና ሚስት እንግዶች አሉኝ። ባልየው ፍላይ ፊሺንግ በሚባለው፣ በሰው ሠራሽ ዝንብ የማጥመድ ዘዴ ለብዙ ዓመታት ሲያጠምድ የኖረ ሰው ሲሆን፣ ሚስቱ ግን ዘንግ ጨብጣ አታውቅም። በጎንደር አካባቢ ወንዝ ላይ ትራውት የሚያጠምዱበት የሁለት ቀን ጉዞ እንዳዘጋጅላቸው ጠይቀውኛል። መገጭ ላይ ይቻላል? እኔስ አብሬያቸው ለመውጣት ምን ምን ማወቅ ይገባኛል?

ምላሽ፦

በቅድሚያ ሁለቱን ዋና ጥያቄዎች በአጭሩ ልመልስ። በጎንደር ዙሪያ ባሉ ወንዞች ትራውት የለም። በመስከረም ወር ደግሞ፣ የሚፈለገው ዓሣ ምንም ይሁን ምን፣ መገጭም ሆነ ሌላ ወደ ጣና የሚገባ ወንዝ ላይ እንግዳ ይዘው ባይወጡ ይሻላል። ይህን ስል ጉዞውን ይሰርዙት ማለቴ አይደለም። እንግዶችዎ የሚመጡበትን ወር ቢለውጡና ትራውት የሚለውን ሐሳብ ቢተዉ፣ ከጣና ተፋሰስ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኝ ዓሣ በዘንጋቸው ሊይዙ ይችላሉ፤ ለእኔ ይህ ከትራውት ይበልጣል።

ትራውት ለኢትዮጵያ ውኃ ባዕድ ነው። ቀዝቃዛና አየር የበዛበት ውኃ የሚፈልግ ዓሣ በመሆኑ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች እንደ ዌብና ዳንካ ባሉ ወንዞች ተለቀቀ፤ እዚያም ራሱን ችሎ ተራባ። ቡናማው ትራውትም ቀስተ ደመናማው ትራውትም በዚያ ይገኛሉ። እንግዳዎ የግድ ትራውት ካሉ መልሱ እዚያው ባሌ ያለችው ዲንሾ ናት፤ ነገር ግን ከጎንደር አዲስ አበባ በአውሮፕላን፣ ከዚያ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና መሄድ ስላለበት በሁለት ቀን የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። «ስሜንስ ብርድ አይደለም ወይ?» የሚል ሰው ያጋጥምዎት ይሆናል። ስሜን ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ እንግዳ ወደዚያ የሚወጣው ጭላዳና ዋልያ ለማየት ስለሆነ ዘንጉ በሆቴል ይቀመጥ።

በጣናና በገባሮቹ ለአጥማጅ የሚሆኑት ዓሦች ቀረሶ፣ አምባዛ፣ በሶ እንዲሁም ነጭ ዓሣ ወይም ቢልጫ እየተባለ የሚጠራው ወገን ናቸው። ይህን የመጨረሻውን ሳይንስ ላቢዮባርበስ ይለዋል፤ ለዝንብ ማጥመጃም ዋናው እርሱ ነው። ከጣና በታች 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የ40 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ የሚመጣውን ዓሣ ሁሉ ስለሚያግድ፣ ከፏፏቴው በላይ የቀረው ላቢዮባርበስ ለብቻው ሆኖ ከ15 ወደማያንሱ ዝርያዎች ተከፋፍሏል። ከእነዚህ መካከል 8ቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚኖሩ ናቸው። ይህ ወገን በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ የዋጠውን የሚፈጨው በጉሮሮው ውስጥ ባለው ጥርስ ነው። ጥርስ አልባ አፍ ይዞ አዳኝ መሆን በዚህ ቤተሰብ ዘንድ እምብዛም የማይታይ ነገር በመሆኑ፣ ተመራማሪዎች ከሩቅ ሀገር ድረስ መጥተው ጣናን ሲያጠኑ ኖረዋል።

በነገራችን ላይ ለዚህ ወገን ላቢዮባርበስ የሚለውን ስም ያወጣው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1830ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር ገብቶ የቆየው ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። አንዱን ዝርያ «ጎርጓሪ»፣ ሌላውን ዓሣ «በሶ» ብሎ መዝግቧቸው፣ እስከ ዛሬ በዓለም መዝገብ የሚታወቁት በዚሁ ስም ነው። እንግዳዎን ቤተ መንግሥቱን ሲያስጎበኙ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለውን ተረት ከጠቀሱላቸው ጎርጓሪ የሚባል ዓሣ መኖሩንም ቢጨምሩላቸው ደስ ይላቸዋል። ደቡብ አፍሪካን የሚያውቁ ከሆነ ደግሞ በቫልና በኦሬንጅ ወንዞች በዝንብ የሚጠመደው «ቢጫ ዓሣ» የሚሉት የዚሁ ወገን ዘመድ መሆኑን ይንገሯቸው፤ ልምድ ያለው አጥማጅ ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ሰምቶ የሚይዘውን የዝንብ ሣጥን ይቀይራል።

ወደ ወሩ ልመለስ፤ ከሁሉም በላይ አጥብቄ ልነግርዎ የምፈልገው ይህን ስለሆነ ትንሽ እቆይበታለሁ። ከላቢዮባርበስ ዝርያዎች በርካቶቹ ክረምት ሲገባ በወንዞች አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ይልቁንም በነሐሴና በመስከረም፣ ጉማራን፣ ርብን፣ መገጭን፣ ድርማን፣ አርኖ ጋርኖንና ግልገል ዓባይን ሽቅብ ተጉዘው ንጹሕ ውኃ በሚወርድባቸው ጠጠራማ ገባሮች ላይ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። መላ ዘራቸው በአንድ ጠባብ በር የሚያልፈው በዚህ ወቅት ነው። በሩ ላይ ደግሞ መረብ የሚዘረጋ አለ፤ ወደ ላይ ወጣ ሲባል የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃው ላይ በመበተን ዓሣውን የሚያሰክር አለ። በዚህና ይህን በመሰለው ምክንያት በሐይቁ ላይ የተደረገ ጥናት የእነዚህ ዓሦች ብዛት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1991 እስከ 2001 ባሉት 10 ዓመታት ውስጥ በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። መስቀል የሚውለው መስከረም 17 በመሆኑ እንግዶችዎ በሩ መካከል ሊቆሙ ነው ማለት ነው።

«እኛ እኮ ይዘን እንለቀዋለን፤ ምን ይጎዳል?» ሊሉ ይችላሉ። ከዓመታት በፊት እኔም እንዲሁ ብዬ፣ አንድ እንግዳ አግባብቶኝ፣ በመስከረም መጀመሪያ ወደ ጉማራ ወረድኩ። ድፍርሱ ትንሽ ጠራ ባለበት ጥግ ላይ ከብዙ ጥበቃ በኋላ አንዲት ዓሣ ያዝን። መንጠቆውን ላወልቅ ከሆዷ በታች ደግፌ ስይዛት፣ ሳልጨምቃት፣ ማሽላ የመሰለው ዕንቁላሏ በጣቶቼ መካከል እየሾለከ ወደ ውኃው ፈሰሰ። ዓሣዋን ለቀቅናት፤ ዋኝታም ሄደች፤ የመጣችበት ጉዳይ ግን በመዳፌ ላይ ቀርቶ ነበር። በዚያ ላይ ጠጠሩን የሚረግጠው እግር ከጠጠሩ ሥር ያለውን ዕንቁላል አያይም። ከዚያ ወዲህ በመስከረም ወንዝ ላይ ዘንግ አንሥቼ አላውቅም።

ስለዚህ ለእንግዶችዎ የምጽፈው እኔ ብሆን ኖሮ «ለመስቀል መምጣቱን ትታችሁ ለጥምቀት ኑ» እላቸው ነበር። ጥር 11 ቀን ጎንደር ላይ ከፋሲል መዋኛ የሚበልጥ ነገር ስለሌለ ለንግድዎም አይከፋም። ለወንዝ የሚስማማው ወር ግን ኅዳር መሆኑን ልደብቅዎ አልፈልግም፤ ክረምቱ ያመጣው ጭቃ ረግቶ ውኃው ጠርቶ፣ መጠኑም ገና ሳይጎድል የሚገኘው ያኔ ነው። በጥር ትልልቆቹ ዓሦች ወደ ሐይቁ ስለተመለሱ በወንዙ የሚቀሩት ጥልቅ ቦታዎችን ይዘው የሚከርሙት አነስ ያሉት ናቸው። በዚያ ወር ዋናው ማጥመጃ በጣና ዳር ያለው የጎርጎራ አለታማ ዳርቻ ይሆናል፤ ወንዙ ለጀማሪዋ መለማመጃ ያገለግላል።

አሁን ወደ ዘዴው እንግባ። በተለመደው መንጠቆ የሚወረወረው ለክብደት የሚታሰረው እርሳስ ሲሆን ክሩ እርሳሱን ተከትሎ ይሄዳል። በዝንብ ማጥመጃ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ከላባና ከክር የተሠራው ዝንብ እዚህ ግባ የሚባል ክብደት ስለሌለው የሚወረወረው ወፍራሙ ገመድ ነው፤ ዝንቡ የገመዱ ተከታይ ነው። ዘንጎቹና ገመዶቹ በቁጥር የሚለዩትም ለዚህ ነው። ለእኛ ወንዞችና ለሐይቁ ዳርቻ ተስማሚ የሆነው 6 ቁጥር ገመድ ከጫፉ ያለው የመጀመሪያው 9 ሜትር 10 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ዘንጉም በዚያው ቁጥር የሚጠራ፣ 2.7 ሜትር የሚረዝም ቢሆን በቂ ነው። ከገመዱ ጫፍ ላይ እየቀጠነ የሚሄድ፣ የዘንጉን ቁመት የሚያህል ግልጽ መሪ ክር ይቀጠላል። የክሩ መጨረሻ 3ኤክስ የሚሉት፣ ውፍረቱ 0.20 ሚሊ ሜትር የሆነው ይሁን። ለትራውት ከዚህ የቀጠነ የለመዱ እንግዳ ቢከራከሩዎት፣ ቢልጫ ከያዘ በኋላ ወደ ድንጋይ ሥር የሚሮጥ ዓሣ መሆኑን ይንገሯቸው።

አወራወሩን ከእንግዶችዎ በፊት እርስዎ በሣር ላይ ይለማመዱት፤ ውኃ አያስፈልገውም። ከመንጠቆ ይልቅ በክሩ ጫፍ ላይ ቀይ የሱፍ ክር ቋጥረው ሰፊ ሜዳ ላይ ይቁሙ። ዘንጉ ከፊትዎ ሆኖ ቀስ ብሎ የተጀመረ እንቅስቃሴ እየፈጠነ ሄዶ ከጆሮዎ ትንሽ አለፍ እንዳለ ድንገት ይቆማል፤ ገመዱ በአየር ላይ ወደ ኋላ እስኪዘረጋ ድረስ ይጠበቃል፤ ከዚያ በዚያው መንገድ ወደ ፊት ተመልሶ እንደገና ድንገት ይቆማል። ዘዴው በሙሉ ያለው በእነዚያ ሁለት ማቆሚያዎችና በመካከላቸው ባለው ትዕግሥት ውስጥ ነው። ዘንጉ የሚጎብጠውና ኃይል የሚያገኘው ተዘርግቶ የጨረሰ ገመድ ሲጎትተው ብቻ ስለሆነ፣ የሩቅ ውርወራ የሚፈልግ ሰው ክንዱን ከማበርታት ይልቅ መጠበቁን ማስረዘም ይኖርበታል።

የጎንደር ልጅ ይህን ለመረዳት ከሌላው ይልቅ ይቀለዋል፤ ጅራፍ አጩሎ ያውቃልና። በቡሄ ሰሞን ጅራፉ የሚጮኸው ገመዱ ገና ሳይዘረጋ እጅ ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚመልሰው ነው። በዝንብ ማጥመጃ ያ ጩኸት የጥፋት ምልክት ነው። ከኋላዎ «ጧ!» የሚል ድምፅ ከሰሙ ቸኩለዋል፤ ዝንቡም ተበጥሶ ሣሩ ውስጥ ቀርቷል። አንዱን ወጣት አጋዤን ሳስተምር «ጅራፉን አታጩኸው» ከማለት ሌላ ብዙ አልተናገርኩም፤ በግማሽ ቀን ውስጥ ገመዱ ከኋላው ያለ ድምፅ ሲዘረጋ አየሁ። ሚስትየዋንም በዚሁ መንገድ ያስጀምሯቸው፤ ጅራፍ የሚያጮህ ልጅ ጠርተው ቢያሳዩዋቸው ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል። ሌላው የጀማሪ ስሕተት የእጅ አንጓን ማጠፍ ነው፤ አንጓ ሲታጠፍ የዘንጉ ጫፍ ቅስት ሠርቶ ገመዱን ወደ መሬት ይጥለዋል። የዘንጉን እጀታ በሸሚዝ እጅጌ ውስጥ አስገብቶ መለማመድ ይህን ቶሎ ያርመዋል።

በጉማራም ሆነ በድርማ ዳር ብዙ ቦታ ላይ ከኋላ ግራር ወይም ሸምበቆ ስለሚኖር ወደ ኋላ የሚዘረጋ ውርወራ አይቻልም። ለዚያ የሚረዳው ተንከባላይ ውርወራ ነው። ገመዱ በውኃው ላይ እንዳለ ዘንጉ ቀስ ተብሎ ወደ ትከሻ ይነሣል፤ ከዘንጉ ጫፍ ወደ ውኃው የወረደው ገመድ ከክንድ ኋላ እንደ ግማሽ ክብ ሲንጠለጠል አንድ ጊዜ ቆም ይባልና ወደ ፊት በፍጥነት ይመታል፤ ገመዱም በውኃው ላይ እየተንከባለለ ይዘረጋል። በሣር ላይ ብዙም አይሠራም፤ ውኃው ገመዱን ይዞ ሊቆይለት ይገባል። እነዚህን ሁለት ውርወራዎች እስከ 10 ሜትር ድረስ የሚችል ሰው በእኛ ወንዞች የሚቀረው ነገር የለም፤ ዓሣው ራሱ ብዙ ጊዜ ከዚያ ርቀት ውስጥ ነው ያለው።

ልምድ ያለው ባልየው የሚቸገሩት በሌላ ነገር ይሆናል፤ ዓይናቸው የውኃውን ገጽ የለመደ ነው። ትራውት ብዙ ጊዜ ወደ ላይ ወጥቶ ተንሳፋፊ ዝንብ ስለሚጎርስ፣ ለዚያ የሚሆን ዝንብ ሣጥን ሙሉ ይዘው እንደሚመጡ አልጠራጠርም። ቢልጫ ግን በብዛት የሚመገበው ወለሉ ላይ፣ ከድንጋይ ሥር የሚገኙ የውኃ ነፍሳት ዕጮችን እየለቀመ ነው። ስለዚህ ዝንቡ ዕጭ የሚመስል፣ በመዳብ ወይም በትንሽ ዶቃ የከበደ፣ ከወለሉ ጋር እየተነካካ የሚሄድ መሆን አለበት። በአጭር ገመድ፣ ከዘንጉ ጫፍ በታች ከሞላ ጎደል ቀጥ ብለው ወደ ወለሉ የሚወርዱ ሁለት የከበዱ ዝንቦችን ወደ ታች እያሳለፉ ማጥመድ ከሁሉ የተሻለ ዘዴ ነው፤ ደቡብ አፍሪካውያኑም ለቢጫ ዓሣቸው የሚጠቀሙበት ይህንኑ ነው።

ዋናው ቁም ነገር ዝንቡ ከውኃው እኩል መሄዱ ነው። እውነተኛ ዕጭ ወራጅ ከሚወስደው በላይ አይፈጥንም፣ ከሚወስደውም አይዘገይም። ገመዱ ፈጣኑ ውኃ ላይ ወድቆ ዝንቡ ቀሰስተኛው ላይ ከሆነ ፈጣኑ ገመዱን እንደ ቀስት አጉብጦ ዝንቡን ይጎትተዋል፤ ዓሣም ይህን አይቶ ይተወዋል። መድኃኒቱ ገመዱ ከመጎበጡ በፊት በዘንጉ ጫፍ አንሥቶ ወደ ላይኛው ወራጅ መልሶ መጣል ነው። ለጀማሪዋ በመሪ ክሩ ላይ ቡሽ የመሰለች ትንሽ ተንሳፋፊ ምልክት ያስሩላቸው። ምልክቷ በውኃው ላይ ካሉት የአረፋ ነጥቦች ጋር እኩል ከሄደች ዝንቡ በትክክል እየሄደ ነው፤ ቆም ካለች፣ ከሰጠመች ወይም ወደ ጎን ከተንቀጠቀጠች ዘንጉ ወዲያው ቀና ይበል። ግማሹ ጊዜ ድንጋይ ነው፤ ግማሹ ግን ዓሣ ነው። ከዝንቡ ወደ ላይ የውኃውን ጥልቀት ሁለት እጥፍ ያህል ለክተው ምልክቷን ቢያስሩ ለመነሻ ይበቃል።

ለአዳኞቹ ዝርያዎች፣ ይልቁንም በጎርጎራ ዳርቻ፣ ሌላ ዘዴ አለ፤ ትንሽ ዓሣ የመሰለ ረዘም ያለ ዝንብ ወርውሮ ካሰጠሙ በኋላ ገመዱን በግራ እጅ በአጭር በአጭሩ እየሳቡ ማምጣት። እዚህ ላይ ዓሣው ሲመታ ዘንጉን ወደ ላይ ማንሣት ስሕተት ነው፤ የትራውት አጥማጅ ሁሉ የሚሠራውም ይህንኑ ስሕተት ነው። ገመዱን በእጅ አንድ ጊዜ ጠበቅ አድርጎ መሳብ ይበቃል፤ ሳይያዝ ቢቀር እንኳ ዝንቡ እዚያው ስለሚቆይ ዓሣው ተመልሶ ሊመታው ይችላል።

ስለ ዝንቦቹ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ የግል ደስታዬ ስለሆነ ይታገሡኝ። ፈረንጆች ለዝንብ መሥሪያ በውድ የሚገዙት ነጭና ጥቁር የተዥጎረጎረ የአውራ ዶሮ ላባ፣ እኛ ገብስማ የምንለው ነው። ለበዓል ከሚታረደው ገብስማ አውራ ዶሮ አንገት ላይ ያለውን ላባ አድርቀው ያስቀምጡ። ጥቁር የበግ ሱፍ በመንጠቆው ግንድ ላይ ጠምጥመው፣ ላባውን በላዩ ላይ አዙረው፣ ከተቃጠለ ሞተር በወጣ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ሲያስሩት በውኃ ውስጥ የሚተነፍስ የሚመስል ዝንብ ይወጣልዎታል። በ8 ቁጥር መንጠቆ ላይ የታሰረው ለአዳኞቹ፣ በ12 ቁጥር ላይ የታሰረው ለወንዙ ይሆናል፤ የመንጠቆ ቁጥር ሲጨምር መጠኑ እንደሚያንስ ልብ ይበሉ። እንግዳ በሀገሬው ዶሮ ላባ በተሠራ ዝንብ ዓሣ ሲይዝ የሚሰማውን ደስታ በምንም ጉርሻ አይለውጠውም፤ ጉርሻውም ቢሆን ይጨምራል።

ወደ ቦታዎቹ ስንመጣ፣ ቀሃና አንገረብ ከተማውን ከሁለት ወገን ይዘው የሚወርዱ በመሆናቸው የከተማውን ቆሻሻ ተሸክመዋል፤ ለዚህ ጉዳይ ይርሷቸው። መገጭ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አፍ አካባቢ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ የታየበት ሥፍራ ነው፤ እምቦጭ ባለበት ዝንብ አይወረወርም። ለጀማሪ የምመርጠው ከወረታ ወደ ባሕር ዳር ሲኬድ የሚሻገሩትን ጉማራን፣ በተለይም ወደ ዋንዛዬ ፍል ውኃ በኩል ያለውን ክፍል ነው። ውኃውን ሲያነቡ ፈጣኑ ጠጠራማ ውኃ ወደ ጥልቁ የሚወርድበትን ከንፈር ይፈልጉ፤ ዓሣው ምግብ ወደ አፉ እንዲመጣለት አፍንጫውን ወደ ላይኛው ወራጅ አዙሮ እዚያ ይቆማል። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ ይቅረቡት፤ ጥላዎም ጥልቁ ላይ አይረፍ።

ከዓሣው ይልቅ ሰውን የሚመለከተው ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። በጣና ዙሪያ ብልሃርዝያ አለ። ተሸካሚው ቀንድ አውጣ በዳርቻና በቀሰስተኛ ውኃ ውስጥ የሚኖር ሲሆን፣ ትሉ ቆዳን በስቶ ለመግባት የሚበቃው ጥቂት ደቂቃ ነው። እንግዶችዎ ውኃ የማያስገባ ረጅም የማጥመጃ ቦት እንዲያመጡ ይጠይቋቸው፤ ከሌላቸው ከዳር ወይም ከጀልባ ያጥምዱ እንጂ ባዶ እግራቸውን አይግቡ። ከተመለሱ ከጥቂት ወራት በኋላም እንዲመረመሩ ይንገሯቸው፤ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል በቀላሉ የሚገኝ ነው። በጣና አዞ የለም፤ ጉማሬ ግን አለ። ማታና ንጋት ላይ ለግጦሽ በሚወጣበት የወንዝ አፍና ሸምበቆ መካከል ቆሞ መገኘት በሕይወት መቀለድ ነው። ኮፍያና መነጽር ደግሞ ለጌጥ አይደሉም፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ በራሴ ዝንብ የጆሮዬን ጫፍ ወግቻለሁ፤ የመንጠቆው ምላስ አስቀድሞ በፒንሳ ተጨፍልቆ ስለነበር በአንድ ሳብ ወጣ። የእንግዶችዎን መንጠቆዎች ሁሉ እንዲሁ ያስጨፍልቁ፤ ለዓሣውም የሚሻለው እርሱ ነው።

የሚለቀቅ ዓሣ ደረቅ እጅ ሊነካው አይገባም፤ ደረቅ እጅ ከቆዳው ላይ የሚጠብቀውን ልጋግ ይገፈዋል። እጅን አርጥቦ፣ ዓሣውን ከውኃ ሳያወጡ፣ አፉን ወደ ላይኛው ወራጅ አዙሮ በራሱ ጉልበት እስኪሄድ ድረስ መደገፍ ነው። ፎቶ የሚነሣ ከሆነ ትንፋሽ ይዘው ሊቆዩ ከሚችሉት ጊዜ በላይ ከውኃ አይውጣ። አምባዛን በክንፉ ሥር ካለው እሾህ ተጠንቅቀው ይያዙት። ይዞ መልቀቅ በአካባቢው ሰው ዘንድ ግራ የሚያጋባ ነገር መሆኑንም አይርሱ። አንድ አባወራ ዳር ቆመው ሲመለከቱን ቆይተው «ልጄ፣ ልትለቀው ከሆነ ለምን አስቸገርከው?» ብለውኛል፤ እስከ ዛሬ ያገኘሁት መልስ የለም። ለምሳ የሚሆነውን ቀረሶ ከአጥማጆቹ ይግዙ። በዐቢይ ጾም ሰሞን የዓሣ ፈላጊ ስለሚበዛ ከዋዜማው ይነጋገሩ።

ፈቃድን በተመለከተ የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ ክልሉም የራሱ ሕግ አለው። ስለዚህ ለወረዳው የእንስሳትና ዓሣ ሀብት ጽሕፈት ቤት ቀደም ብለው በደብዳቤ ያሳውቁ፤ የቀበሌውንም ሰው ያነጋግሩ። በዚያውም የመንገዱን ጸጥታ ከጉዞው ሳምንትም ከዋዜማውም ይጠይቁ፤ ሁኔታው ጥሩ ካልሆነ ጉዞውን ያለ ማመንታት ያስተላልፉት። በጎርጎራ ሐይቁን የሚያውቅ አጥማጅ ከነጀልባው ይቅጠሩ፤ ዋጋውን ሳይነሡ ይጨርሱ። የደንገል ታንኳ ለፎቶ ያምራል፤ ቆሞ ለመወርወር ግን አይመችም።

ሁለቱን ቀን እንዲህ ቢከፍሉት ይበጃል። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ጎንደር ላይ በሣር ሜዳ ሁለት ሰዓት ልምምድ ይሁን፤ ባልየውም በዚያው ሚስታቸውን በማገዝ እጃቸውን ያፍታታሉ። ከምሳ በኋላ በአዘዞና በቆላ ድባ አድርገው 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ጎርጎራ ይውረዱ። የከሰዓቱ ነፋስ ለመወርወር ስለማይመች ደብረ ሲና ማርያምን ያስጎብኟቸውና ይደሩ። በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሐይቁ እንደ መስተዋት በረጋበት፣ በጀልባ ወደ አለታማው ዳርቻ ይውጡ፤ እስከ 5 ሰዓት አጥምደው ይመለሱ። ጉማራን ከፈለጉ ሦስተኛ ቀን መጨመር ግድ ነው፤ ከጎንደር ወረታ ድረስ ብቻ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ዓሣውን ሳይሆን መንገዱን ነው የሚያጠምዱት።

በጎንደር ገበያ የዚህ ሙያ ዕቃ ስለማይሸጥ ለእንግዶችዎ ዛሬውኑ ይጻፉላቸው፤ ሁለት ባለ 6 ቁጥር ዘንግ፣ ተንሳፋፊ ገመድ፣ ባለ 3ኤክስ ክር ሁለት ጥቅል፣ ከ10 እስከ 14 ቁጥር የከበዱ የዕጭ ዝንቦች፣ ተንሳፋፊ ምልክት፣ ረጅም ቦትና ፒንሳ። የገመድ መጠቅለያው ከአንድ በላይ ቢሆን መልካም ነው፤ አንዱ ቢሰበር የሚጠግነው የለም።